የእድገት ካርዱ ያልመዘገበው ለውጥ፦ የኪንግስተን የቀነጨሩ ሕፃናት ጉዳይ

እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ1987 በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን ድሃ ሰፈሮች የጥናት ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ከ9 እስከ 24 ወር የሆናቸውን ሕፃናት ቁመት ለኩ። ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚጠበቀው ከሁለት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ልኬት ከአማካዩ ምን ያህል እንደራቀ የሚነገርበት አሃድ) በላይ ዝቅ ያለ 129 ሕፃናትን መዘገቡ። የቀነጨሩ የምንላቸው ማለት ነው። የተመረጡት ሐኪም ቤት ተኝተው ስለተገኙ አይደለም። ሜትር ባይዘረጋ ኖሮ ማንም ለይቶ የማያያቸው የሰፈር ልጆች ነበሩ።

ይህን ጉዳይ ለሕፃናት ነርሶች የምጽፈው ብዙ ጊዜ በማናገኘው ምክንያት ነው። እነዚህ ልጆች ለሁለት ዓመት እርዳታ አግኝተው ሦስትና አራት ዓመት ሲሆናቸው፣ ማለትም ልክ ቅድመ መደበኛ በሚባለው ዕድሜ፣ ተመዘኑ። ከዚያም ትምህርት ቤት ሲገቡ፣ ጎረምሳ ሲሆኑና ሥራ ሲይዙ እንደገና ተፈልገው ታዩ። በመጨረሻ የተገኘው ውጤት የሥራችንን ልማድ የሚፈትን ነው፤ ለእነዚህ ልጆች ከተደረገላቸው ሁሉ ዕድሜ ልክ የዘለቀው ነገር በሚዛንም በሜትርም ላይ ምንም ምልክት አልተወም።

ጉዳዩ ከባዶ አልተነሣም። በኪንግስተን በዌስት ኢንዲስ ዩኒቨርሲቲ ሞና ግቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ በከባድ የምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን የሚያክምና የሚያጠና ክፍል ነበረ። መሥራቹ ጆን ዋተርሎ መክሳትና መቀንጨር ሁለት የተለያዩ ጉዳቶች መሆናቸውን አጥብቆ ያስተማረ ሐኪም ነው። በዚያ ክፍል ሕፃናቱ ወተት አግኝተው፣ ክብደታቸው ተመልሶ፣ ፊታቸው በርቶ ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዶክተር ሳሊ ግራንታም-ማክግሬገር ሌላ ጥያቄ አነሣች፦ ክብደቱ ተመለሰ፤ አእምሮውስ? በተኙበት ክፍል በየቀኑ ጨዋታ የተሰጣቸውንና ከወጡ በኋላ በቤታቸው የተጎበኙትን ልጆች፣ የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት ጋር አስተያየቻቸው። የተጫወቱት ቀደሙ። ልዩነቱም ከዓመታት በኋላ አልጠፋም።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ከዚያ ሰፊ ነበር። ሆስፒታል የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው፤ ቀንጭረው በሰፈር የሚያድጉት ግን እጅግ ብዙ ናቸው። ግራንታም-ማክግሬገር ከክርስቲን ፓወልና ከሱዛን ዎከር ጋር የጀመረችው ጥናት እነዚህን የሚመለከት ነው። 129ኙ ሕፃናት በዕጣ በአራት ቡድን ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን በየሳምንቱ አንድ ኪሎ ወተት ነክ ዱቄት ተሰጠው። ሁለተኛው በየሳምንቱ አንድ ሰዓት የጨዋታ ጉብኝት አገኘ። ሦስተኛው ሁለቱንም አገኘ፤ አራተኛው ሁለቱንም አላገኘም። ለንጽጽር ደግሞ በእነዚያው ሰፈሮች የሚኖሩ፣ በዕድሜና በጾታ የሚመሳሰሉ፣ ያልቀነጨሩ 32 ልጆች ታከሉ።

በአሠራሩ ውስጥ ሁለት ነገሮችን ማንሣት እፈልጋለሁ፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንዳቀደው ያሳያሉና። ለአንድ ልጅ የተሰጠ ዱቄት ለቤቱ ሁሉ እንደሚከፋፈል አዘጋጆቹ አስቀድመው ገምተዋል፤ ስለዚህ የልጁ ድርሻ እንዳይነካ ለቤተሰቡ የበቆሎ ዱቄትና የወተት ዱቄት ለብቻ ጨመሩ። ፕላምፒ ነት (ለምግብ እጥረት ሕክምና የሚሰጥ የኦቾሎኒ ምግብ) አስረክባ ወደ ቤት የሸኘች ነርስ ሁሉ ይህ ለምን እንዳስፈለገ አይጠፋትም። ሁለተኛው፣ ጨዋታ ያልተሰጣቸው ልጆችም በየሳምንቱ ይጎበኙ ነበር። ጠያቂዋ መጥታ ልጁ በሳምንቱ ታሞ እንደሆነ ጠይቃ መዝግባ ትሄዳለች። በመሆኑም በኋላ የታየው ልዩነት «ሰው ስለመጣላቸው ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ለሁሉም ሰው መጥቶላቸዋል። ልዩነቱ የመጣው ሰው በዚያ ሰዓት ምን ሠራ በሚለው ላይ ነው።

ምን ተሠራ? ጉዳዩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ጉብኝቱን የሚያደርጉት ሐኪሞችም የሥነ ልቦና ባለሙያዎችም አልነበሩም። የማኅበረሰብ ጤና ረዳቶች ነበሩ፤ በጃማይካ የጤና ሥርዓት ውስጥ አጭር የጤና ሥልጠና ወስደው በሰፈር የሚሠሩ ሴቶች። እኛ ዘንድ ያሉትን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ማሰብ ይቻላል። በጤና ሥልጠናቸው ላይ ስለ ልጅ እድገት፣ እናትን ስለማስተማርና ስለ መጫወቻ አሠራር ጥቂት ሳምንታት ተጨመረላቸው። ቀጥሎም ክትትል ነበራቸው።

ረዳቷ መጫወቻ ይዛ ትመጣለች። መጫወቻው የተገዛ አይደለም። ከባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ከካርቶን፣ ከቁራጭ ጨርቅና ከእንጨት የተሠራ ነው። በእጅ የተሣሉ የሥዕል መጻሕፍትም ነበሩ። ገብታ ሰላምታ ትሰጣለች፤ ባለፈው ሳምንት ጥላው በሄደችው መጫወቻ ልጁ ምን እንደሠራ እናቱን ትጠይቃለች። ከዚያ አዲሱን ታወጣለች። ግን እሷ ከልጁ ጋር ተጫውታ እናት በዳር ቆማ እንድታይ አይደለም። ትጀምርና ለእናት ታስተላልፋለች። ልጁ ሁለት ካርቶን ሲደራርብ እናቱ «ጎበዝ!» እንድትለው ታበረታታለች። ዕቃውን በስሙ እንድትጠራ፣ «ትልቁን ስጠኝ»፣ «ከሥሩ አድርገው»፣ «ቀዩ የት አለ?» እንድትል ታሳያታለች። ልጁ እያደገ ሲሄድ ቀለም፣ ቅርጽ፣ መጠን፣ ቦታ በደረጃ ይጨመራሉ። ስለ ቅጣትም ይነገራል፤ በመምታት ፈንታ ማመስገን። ሰዓቱ ሲያልቅ መጫወቻው እዚያው ቀርቶ የቀድሞው ይወሰዳል። ስድስቱን ቀን የሚያስተምረው እናት ናት፤ የረዳቷ አንድ ሰዓት ለእናት የተሰጠ ትምህርት ነው።

ሁለት ዓመት ካለቀ በኋላ የልጆቹ ችሎታ ለጃማይካ በተስተካከለው የግሪፊትስ ፈተና ተለካ። ፈተናው አራት ነገሮችን ያያል፦ የመላ አካል እንቅስቃሴ፣ የእጅና የዓይን ቅንጅት፣ መስማትና መናገር፣ ዕቃ ይዞ ችግር መፍታት። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመው ውጤት ምግቡም ጨዋታውም ለየብቻ እንደጠቀሙ አሳየ፤ ምግቡ 6 ነጥብ ያህል፣ ጨዋታው 7 ነጥብ ያህል ከፍ አደረጋቸው። ሁለቱንም ያገኙት ደግሞ ካልቀነጨሩት የሰፈር እኩዮቻቸው አጠገብ ደረሱ። ምንም ያላገኙት እየራቁ ሄዱ።

አሁን የእድገት ካርዱን እንመልከት። ምግቡ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት ቁመትን በጥቂቱ ጨመረ። ጨዋታው ግን በቁመትም በክብደትም ላይ ምንም አልጨመረም። እንግዲህ በጨዋታው ቡድን ያለ ልጅ አራት ዓመት ሞልቶት ወደ አንዲት ነርስ ቢቀርብ፣ እሷም እንደ ደንቡ መዝና ለክታ ነጥቡን ብታስቀምጥ፣ ነጥቡ ካለፈው መስመር ላይ ያርፋል። «ለውጥ የለም» ብላ ትጽፋለች። ልጁ ግን ተለውጧል። የሚያወራው፣ የሚያስበው፣ ለእናቱ የሚመልሰው ሌላ ሆኗል። ካርዱ ይህን የሚጽፍበት ዓምድ የለውም።

ይህ ማለት ሜትሩ አያስፈልግም ማለት አይደለም። እንዲያውም ተቃራኒው ነው፤ እነዚያ 129 ልጆች የተገኙት በሜትር ነው፤ እኛ ደግሞ በብዛት የምንዘነጋው ይህንኑ ነው። አንዲት አራት ዓመት የሞላትን ልጅ እናስብ። ቁመቷ 92 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 13 ኪሎ ነው። የክንድ ዙሪያ የሚለካውን ባለ ቀለም ቴፕ ብናዞርባት አረንጓዴ፣ ማለትም ደህና፣ ሊሆን ይችላል። ክብደቷ ለቁመቷ ደህና ነው። ክብደቷን ለዕድሜዋ ብናይም ከሁለት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን በታች አልወረደችም። በእነዚህ ሁሉ «ጤነኛ» ተብላ ትሄዳለች። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ግን የአራት ዓመት ሴት ልጅ አማካይ ቁመት 102.7 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የመቀንጨር ወሰኑ 94.1 ነው። ልጅቷ ቀንጭራለች። ይህን የሚነግረን የቁመት መለኪያው ብቻ ነው፤ በብዙ ክፍል ደግሞ ግድግዳ ተደግፎ አቧራ የሚጠጣው እሱ ነው። እናትም ብትጠየቅ «ሲስተር፣ እኛ ዘራችንም አጭር ነው» ብላ ታልፈዋለች። አንዳንዴ እውነቷን ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በዚህ ዕድሜ የሕፃናት ቁመት የሚለያየው ከዘር ይልቅ በአመዛኙ በአመጋገብ፣ በተደጋጋሚ ሕመምና በኑሮ ነው። መለኪያው ለሁሉም አገር ሕፃናት አንድ ሆኖ የወጣውም ለዚህ ነው።

ስለ አለካኩ አንድ ነገር ልጨምር። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ተኝቶ፣ የሞላው ቆሞ ይለካል። አንዱ በሌላው ቦታ ከገባ ልዩነቱ 0.7 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ተኝቶ ከተለካ 0.7 ይቀነስለታል። ጫማ፣ የተሠራ ፀጉር፣ ከሰሌዳው የተነሣ ተረከዝ ሲጨመሩ ወሰኑ ላይ ያለን ልጅ ወዲያ ወይም ወዲህ የሚያደርግ ስሕተት ይሆናል።

ወደ ኪንግስተን እንመለስ። እርዳታው ከቆመ በኋላ ልጆቹ በ7 እና 8፣ በ11 እና 12፣ በ17 እና 18፣ ከዚያም በ22 ዓመታቸው እየተፈለጉ ታዩ። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ተስፋ የሚያስቆርጥ ነበር። በ7 እና 8 ዓመታቸው የሁሉም ጥቅም ሳስቶ ታየ። እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ ጥናቱ «ይጠቅማል፣ ግን ይጠፋል» ተብሎ ይዘጋ ነበር። በ11 እና 12 የጨዋታው ጥቅም ጎልቶ ወጣ፤ የምግቡ ግን አልታየም። በ17 እና 18 ዓመታቸው የተጫወቱት በአእምሮ ፈተና፣ በቃላት እውቀትና በንባብ የተሻሉ ነበሩ፤ ጭንቀትና ድብርታቸው ያነሰ፣ ትምህርት ያቋረጡትም ያነሱ። በ22 ዓመታቸው በጠብና በዓመፅ ውስጥ መግባታቸው ቀንሶ ተገኘ። ከሁለት አሥርት ዓመት በኋላ ተፈልገው ከተገኙት 105 ሰዎች መካከል በልጅነታቸው የጨዋታ ጉብኝት ያገኙት ገቢ ካላገኙት በአማካይ በ25 በመቶ በለጠ። ይህ እ.ኤ.አ. በ2014 ታተመ። ገቢያቸው ካልቀነጨሩት የሰፈር ልጆች ጋር ተስተካክሎ ነበር።

የምግቡ ጥቅም ለምን ጠፋ? ይህን ጥንቃቄ በተሞላው መንገድ ማንበብ ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ከዚህ ጉዳይ ተነሥቶ «ምግብ ምን ያደርጋል» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ዱቄቱ የመጣው ልጆቹ ከቀነጨሩ በኋላ ነው። አንዳንዶቹ ሁለተኛ ዓመታቸው ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። ከእርግዝና ጀምሮ ባሉት 1,000 ቀናት ውስጥ ቀድሞ የሚደርስ ምግብና ዘግይቶ የሚደርስ ምግብ አንድ አይደሉም። ደግሞም የተጠኑት ልጆች ቁጥር ትንሽ ነው፤ አራት ቡድን ሲሆኑ በእያንዳንዱ 30 ገደማ ልጅ ነው ያለው። የሚያስተምረን ምግብ ብቻ ተሰጥቶ ሥራው እንዳለቀ ማሰብ ስሕተት መሆኑን ነው።

ጨዋታውስ ለምን ዘለቀ? የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ዱቄቱ ሲቆም ዱቄቱ አለቀ፤ ጉብኝቱ ሲቆም ግን እናቲቱ እዚያው ቤት ነበረች። ከልጇ ጋር መነጋገርን ከለመደች፣ ጥያቄውን መመለስ፣ ሲሞክር ማመስገን ልማዷ ከሆነ፣ ያ ነገር ልጁ አራት፣ አምስት፣ ስድስት ዓመት ሲሆነው አብሮት ያድጋል። ልጁም በበኩሉ የሚመልስ ልጅ ሆኗል፤ የሚመልስን ልጅ ሰው ሁሉ ያነጋግረዋል።

የቀነጨረ ልጅ ላይ የሚደርሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የዚህ ግልባጭ ነው። በኪንግስተኖቹ ልጆች ላይ እንደታየው የቀነጨሩት እንቅስቃሴያቸው ያነሰ፣ አካባቢያቸውን ለመመርመር የማይደፍሩ፣ ደስታ የራቃቸው ነበሩ። ዝም ያለ ልጅ አያስቸግርም፤ ስለማያስቸግር ይተዋል። በዚህ ላይ ቁመቱ ዕድሜውን ይደብቃል። የአራት ዓመቱ ልጅ የሁለት ዓመት ተኩል ስለሚመስል እንደ ሁለት ዓመት ተኩል ይነገረዋል፣ ይታዘላል፣ ያጎርሱታል። የአራት ዓመት ልጅ የሚጠየቀውን አይጠየቅም። እኛም ነርሶች በዓይን ግምት ስንፈርድ ይኸው ይገጥመናል። ስለዚህ ስለ ልጁ ባሕርይ ከማሰባችን በፊት የልደት ቀኑን እንይ።

ይህ ጉዳይ ወደ አገራችን የመጣበት መንገድ አለ። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ቅኝት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 37ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን መቀንጨርን እስከ 2030 ለማጥፋት ያለመ ነው። በጅማ ደግሞ ተክሉ ገመቹና ባልደረቦቻቸው በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ለከባድ የምግብ እጥረት ተኝተው በሚታከሙ ዕድሜያቸው ከስድስት ዓመት በታች በሆኑ 339 ሕፃናት ላይ የጨዋታ ድጋፍን በዕጣ ፈተሹ፤ ከኪንግስተን የቆየ ሥራ ጋር አንድ ሐረግ ነው። መጀመሪያ ግን መለኪያ ያስፈልግ ስለነበር በዓለም ላይ የታወቀውን፣ 125 ጥያቄዎች ያሉትን የዴንቨር ሁለት የልጅ እድገት ምዘና ለጅማ ልጆች አስተካከሉ። ከሌላ አገር የመጣ ፈተና በማያውቀው ዕቃ ልጁን «ዘግይቷል» ሊያሰኘው ይችላል፤ ችሎታው ሳይሆን ዕቃው ነው ያልተለመደው። ይህን አስቀድሞ ማስተካከል እውነተኛ የነርስ ጥንቃቄ ነው።

የጅማው ውጤት የሚያበረታታም የሚያስተምርም ነው። ሆስፒታል ውስጥ እያሉ የተጫወቱት ልጆች በመላ አካል እንቅስቃሴ ቀደሙ፤ ቤት ከገቡ በኋላ በነበሩት ስድስት ወራት ደግሞ በእጅና በጣት ሥራ ቀደሙ። በቋንቋ ግን ከሌሎቹ የተለየ ለውጥ አላሳዩም፤ በቁመትም እንዲሁ። ስድስት ወር ከኪንግስተን ሁለት ዓመት ጋር አይወዳደርም። ቋንቋ ደግሞ ከሁሉም በላይ በየቀኑ ከሚያነጋግር ሰው የሚመጣ ነገር ነው።

የምግብ እጥረት ማከሚያ ክፍል የምትሠሩ ባልደረቦቼ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር ቢኖር፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከባድ የምግብ እጥረትን ለማከም ካስቀመጣቸው አሥር ደረጃዎች ዘጠነኛው ጨዋታና ስሜታዊ ድጋፍ መሆኑን ነው። በቀን ከ15 እስከ 30 ደቂቃ የታቀደ ጨዋታ ይላል። ኤፍ 75 (ለከባድ የምግብ እጥረት የሚሰጠው የሕክምና ወተት) ስንት ሚሊ ሊትር በስንት ሰዓት እንደሚሰጥ በቃላችን የምናውቅ ሰዎች ይህን ደረጃ በቻርቱ ላይ ስንፈርምበት አይቼ አላውቅም ማለት ይቻላል። ሥራ ስለሚበዛብን እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን መጫወቱ የነርሷን እጅ አይጠይቅም። እናቲቱ ከልጇ አልጋ ጠርዝ ላይ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ናት። የሚያስፈልጋት አንድ ሰው አንድ ጊዜ አሳይቷት፣ በማግስቱ መጥቶ «እንዴት ሆነ?» እንዲላት ነው።

ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ ለክትባት ማካካሻ፣ ለሳል ወይም ለተቅማጥ ወደ ተመላላሽ ሲመጣ ምን እናድርግ? ቁመትና ክብደት እንለካ። ወንድ ልጅ ከሦስት ወደ አራት ዓመት ሲሄድ በአማካይ ከ96.1 ወደ 103.3 ሴንቲ ሜትር፣ ከ14.3 ወደ 16.3 ኪሎ ይደርሳል። በዓመት 7 ሴንቲ ሜትርና 2 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ከሕፃንነቱ ጋር ሲተያይ ይህ ዝግ ያለ እድገት ስለሆነ የምግብ ፍላጎቱም ይቀንሳል። «አልበላ አለኝ» ለሚል እናት የመጀመሪያው መልስ የልጇን መስመር ማሳየት ነው። መስመሩን ይዞ እየሄደ ከሆነ ማስገደዱ ጠብ ብቻ ነው የሚያተርፈው።

ከዚያ እናውራው። የአራት ዓመት ልጅ ያወራውን የማያውቀው ሰው ሊረዳው ይገባል። ስለዚህ እናት እንድታስተረጉምልን ሳንጠይቅ እኛው እንስማው። በአንድ እግሩ እንዲዘል እንንገረው፤ በግቢ ሰኞ ማክሰኞ የሚጫወቱ ታላላቆች ካሉት ቀድሞ ያሳየናል። እስክሪብቶና ወረቀት እንስጠው። በሦስት ዓመቱ ክብ፣ በአራት ዓመቱ መስቀል አስመስሎ ይሥላል። እስክሪብቶ ይዞ የማያውቅ ልጅ ግን በመጀመሪያው ቀን በዚህ አይፈረድበትም፤ በጣቱ መሬት ላይ ወይም በጭቃ ይሞክር። ቤት ውስጥ የሚያስመስለውን ጨዋታ እናቱን እንጠይቅ፦ ቡና ታፈላለች? ሾፌር ይሆናል? ሐኪም ሆኖ ይወጋል? ማስመሰል በዚህ ዕድሜ የአእምሮ ሥራ ነው፤ የማያስመስል ልጅ ያሳስበኛል።

አንድ ልማድ ግን ይህን ሁሉ ያበላሽብናል። ልጁ ሲያለቅስ እናቱ «ዝም በል፣ ሲስተር መርፌ ትወጋሃለች!» ትለዋለች፤ እኛም አንዳንዴ አብረን እንላለን። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ነገሮችን የሚያያይዘው ከራሱ ጥፋት ጋር ነው። መርፌው የሳንባ ምቹን እንደሚያክም አይገባውም፤ ስላጠፋ እንደተቀጣ ነው የሚያምነው። ከዚያ በኋላ አንዲት ቃል ከአፉ አትወጣም፤ እኛም «የማይናገር ልጅ» ብለን እንጽፍበታለን። ለእናቲቱ በአክብሮት፣ ከልጁ ፊት ሳናሳፍራት፣ «እማማዬ፣ መርፌን አያስፈራሩበት፤ ሕመሙን እንደሚያሽለው ይንገሩት» ማለት ከኪንግስተኑ ሰዓት ትንሽ ክፍል ነው። ሲታከም መርፌ የሌለውን ሲሪንጅ ይዞ አሻንጉሊቱን ወይም የእኛን እጅ እንዲወጋ ብንፈቅድለትም ጊዜ አይወስድም።

ከመሸኘታችን በፊት እናቲቱ እቤት የምትሠራውን አንድ ነገር ብቻ እንስጣት። አሥር ምክር የተሰጣት እናት አንዱንም አትይዝም። ከካርቶን የተቆረጡ ትልቅና ትንሽ ክቦች፣ ልብስ ስታጥብ «የአባትህ የቱ ነው? የእህትህስ?» የሚል ጥያቄ፣ ማታ አንድ ተረት ነግራ «ከዚያስ ምን ሆነ?» ብሎ መጠየቅ። ወጪ የለውም። ቆርኪና ባቄላ የመሳሰሉ ጥቃቅን ነገሮች ግን ታናሽ ወንድም ወይም እህት ባለበት ቤት አይሁኑ፤ ያንቃሉ። በሚቀጥለው ቀጠሮ መጀመሪያ የምንጠይቃትም ስለዚያ ነገር ይሁን፤ የኪንግስተን ረዳቶች ገብተው የሚጀምሩት በዚሁ ነበር።

ጨዋታ የማይመልሰውን ደግሞ ለይተን እንወቅ። በሦስት ዓመቱ ቃላት አጋጥሞ የማይናገር፣ በአራት ዓመቱ ባዕድ የማይረዳው፣ ከጀርባው ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ ጆሮው በተደጋጋሚ የሚመግል ልጅ በመጀመሪያ የመስማት ምርመራ ያስፈልገዋል። መነጋገርም ቢበዛለት የማይሰማውን አይማርም። ቀድሞ ይችል የነበረውን ንግግር ወይም መራመድ ያጣ ልጅ በየትኛውም ዕድሜ ቢሆን በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይላካል እንጂ «ይቆይና እንየው» አይባልም። የሪፈር ወረቀቱ ላይ ቁመቱን፣ ክብደቱንና የተመለከትነውን ችሎታ ጎን ለጎን እንጻፍ፤ የሚቀበለን ሐኪም ሁለቱንም አንድ ላይ ማየት አለበት።